ለጠላትም ሁለት ዓይን

ከአንድ ጣት በማይበልጥ የወታደር ምስል ላይ በቀጭን ብሩሽ ቀለም መቀባት የሥነ ሥዕል ወገን ነው ወይስ የሥራ ፈት ጨዋታ? ብለው የሚጠይቁ አሉ። ጥያቄው ለብዙ ክርክር የሚበቃ አይደለምና በአጭሩ እንለፈው። በብራና ላይ ጥፍር የምታህል ፊት የሣለ የገዳም ሰው ሠዓሊ ከተባለ፣ በሦስት ገጽታ የቆመች ያችኑ የምታህል ፊት የሚቀባ ሰው ከሠዓሊነት የሚወጣበት ምክንያት የለም። ከቢስቲማ በስተ ምዕራብ በሚገኘው በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም፣ በአባ ኢየሱስ ሞዓ ስም የሚጠራው፣ እ.ኤ.አ. በ1280 ወይም 81 የተጻፈው አራቱ ወንጌል፣ የጥቃቅን ሥዕል ሙያ በዚህ አካባቢ ከሰባት መቶ ዓመት በላይ ዕድሜ እንዳለው ይመሰክራል። ለክርክር የሚበቃው ሌላ ነው፤ ይኸውም የምንቀባው የማንን ጭፍራ ነው? የሚለው ነው።

ስለ ጨዋታው ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ቃል ያስፈልጋል። በፕሩሲያ እ.ኤ.አ. በ1824 ለመኮንኖች ማሠልጠኛነት ደንቡ የታተመው የጦርነት ጨዋታ፣ በ1913 በእንግሊዛዊው ደራሲ በኤች. ጂ. ዌልስ መጽሐፍ አማካይነት የቤት ውስጥ መዝናኛ ሆነ። በ1971 በአሜሪካ የታተመው «ቼይንሜል» የተባለው የመካከለኛው ዘመን ጦርነት ደንብ ከፈረሰኛውና ከቀስተኛው ጎን ዘንዶና አስማተኛ አሰለፈ፤ በ1983 ደግሞ «ዋርሃመር» በእንግሊዝ አገር ወጣ። ተጫዋቹ ጭፍራውን ራሱ ይመለምላል፣ ራሱ ይቀባል፤ ኮረብታና ጫካ በተሠራለት ጠረጴዛ ላይ እየለካ ያንቀሳቅሰዋል፤ የውጊያው ዕጣም እንደ ሉዶ በሚጣል ዳይስ ይወሰናል።

የቀለሙ ሥራ ትዕግሥትን ይጠይቃል። ምስሉ መጀመሪያ በነጭ ወይም በጥቁር ቀለም ይለበጣል። በላዩ የልብሱ፣ የቆዳውና የብረቱ ዋና ቀለም ይሰጠዋል። ቀጥሎ እንደ ውኃ የቀጠነ ጠቆር ያለ ቀለም ሲፈስበት፣ በልብሱ እጥፋትና በጥሩሩ ቀለበቶች መካከል እየተኛ ጥላ ይሆናል። ከዚያም ቀለሙ ሊያልቅ በተቃረበ ደረቅ ብሩሽ ጉብ ጉብ ያለው አካል ይታበስና ብርሃን ያገኛል። ከሁሉ የሚያስቸግረው ዓይን ነው፤ እጅ ጥቂት ቢንቀጠቀጥ ጀግናው ሸውራራ ይሆናል።

የዓይን ነገር ከተነሣ ወደ ክርክሩ ገብተናል። አንዳንድ ወገኖች እንዲህ ይላሉ፦ የአገራችን የመካከለኛው ዘመን ጦርነት ገና ያልሻረ ቁስል ነው፤ በተለይም ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ገበያ በሚገበያይበት፣ በአንድ ለቅሶ በሚቀመጥበት በወሎ፣ የአሥራ ስድስተኛውን ምዕት ዓመት ጭፍሮች በጠረጴዛ ላይ ማሰለፍ ነገር መፈለግ ነው፤ ስለዚህ ወጣቱ መቀባት ካማረው የማንም ዘመድ ያልሆነውን የተረት ጭፍራ፣ ዘንዶውንና ኦርኩን ይቀባ። ይህ አነጋገር አስተዋይነት ይመስላል። በመሠረቱ ግን ከሚሸሸው የበለጠ አደጋ ያዘለ ነው።

ኦርክ ምንድን ነው? እ.ኤ.አ. በ1954 እና 55 በታተመው በቶልኪን «የቀለበቶቹ ጌታ» አማካይነት ዓለም ያወቀው፣ በየጨዋታውም የተራባው፣ ሲፈጠር ጀምሮ ክፉ ሆኖ የሚቀርብ ሠራዊት ነው። በጨዋታው ጠረጴዛ ላይ እናት አታለቅስለትም፤ መንደር የለውም፤ ቢማረክም ማንም አይጠይቀውም። ለዚህም ነው ከእርሱ ጋር መዋጋት የሚመቸው። ወጣቱን ከታሪክ ቁስል እናድነዋለን ብለው፣ ጠላት ማለት ሰው ያልሆነ ማለት ነው የሚል ትምህርት በብሩሽ ያስይዙታል። የዘንዶ ናፍቆት ብቻ ከሆነማ በአክሱም አፈ ታሪክ አርዌ የተባለው ንጉሥ እባብ አለለት፤ ከባሕር ማዶ ማስመጣት አያሻም።

የእኛም ሥዕል በዚህ ረገድ ንጹሕ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ ፊቱን ወደ ተመልካቹ መልሶ በሁለት ዓይን ያያል፤ ሰይጣንና ክፉ ሰው ግን በጎን ይሣልና አንድ ዓይን ብቻ ይኖረዋል። ሕጉ ወደ ዓድዋ ሥዕልም ተሻግሯል፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ ከላይ ሲወርድ ከታች የኢትዮጵያ ሠራዊት ባለ ሙሉ ፊት፣ የኢጣልያ ሠራዊት ባለ ግማሽ ፊት ሆኖ ይገጥማል። ለወረረ ጠላት ግማሽ ፊት መስጠት በዚያ ዘመን ስሜት የሚታወቅ ነገር ነው፤ እኔም አልነቅፈውም። ቢሆንም አንድ ነገር መታየት አለበት፤ በጎን የተሣለ ሰው ፊቱን ቢያዞር ሁለተኛው ዓይኑ እዚያው አለ። የአገራችን ሠዓሊ ሁለተኛውን ዓይን ደበቀው እንጂ አላጠፋውም። ኦርኩ ግን ቢዞርም ያው ኦርክ ነው።

እንግዲህ የጠረጴዛው ምስል ከግድግዳው ሥዕል የሚለይበት ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ምስሉ በዙሪያው ይታያልና በጎን ሊሣል አይችልም። ቀቢው ጠላቱን በእጁ ይዞ ሲያዞረው ሁለቱን ዓይኖች ያገኛቸዋል፤ ሁለቱንም መሥራት ይኖርበታል። ከዚህ ላይ ተራ ጨዋታ የተባለው ሥራ የብዙ መቶ ዓመት ልማድን ይሽራል፤ ይህን ዕድል ለኦርክ ማዋል ብክነት ነው።

ጭፍሮቹን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ቢስቲማ የወረባቦ ከተማ ናት፤ ወረባቦን በሰሜን አምባሰል ያዋስነዋል። በዚያው በአምባሰል በ1524 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1531) የኢማም አሕመድ ሠራዊት የዐፄ ልብነ ድንግልን ሠራዊት ድል አደረገ። የኢማሙን ዘመቻ የጻፈው ዐረብ ፈቂህ «ፉቱሕ አል ሐበሻ» በተባለው መጽሐፉ የወገኑን ድል ቢያወድስም፣ የጠላትን አለቆች በየስማቸው እየጠራ መዝግቧል። የጠላትን ስም የሚያውቅ ጸሐፊ ካለን የጠላትን ፊት የሚያውቅ ቀቢ ለምን አይኖረንም? ሰነዱ የእያንዳንዱን ጭፍራ ልብስ ቀለም አይነግረንም ይባል ይሆናል። እውነት ነው፤ ፈጠራ የሚያስፈልገውም በዚህ ቦታ ነው። ቀቢው የሰንደቁን ቀለም፣ የፈረሱን ሽልማት፣ የጋሻውን ጌጥ ከልቡ ያምጣ። የሁለቱን ወገን ሰውነት ግን ከልቡ አይፈጥረውም፤ ተሰጥቶታል።

ድል የተነሣው ልብነ ድንግል ራሱ የጠረጴዛ ጦርነት ወዳጅ ነበር። ቬኒስያዊው አሌሳንድሮ ዞርዚ ባሰባሰበው ጽሑፍ ውስጥ ንጉሡ ቢቺኒ ከተባለ የቬኒስ ሠዓሊ ጋር ሰንጠረዥ ይጫወት እንደነበር ተመዝግቧል። ሠዓሊና ንጉሥ በአንድ ገበታ! የሰንጠረዥን ደንብ ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ጥናት ዘርዝረውታል። በአገራችን ሰንጠረዥ ጨዋታው ሲጀመር ተራ የለም፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ወገኖች የወደዱትን ያህል እየተፋጠኑ ጭፍራቸውን ያሰልፋሉ፤ ይህም «ወረራ» ይባላል። የማሸነፉም ዓይነት ይመዘናል፤ በኃይለኛው ጠጠር መግደል አያስመሰግንም፤ በደካሞቹ ተባብሮ መግደል ግን ያስከብራል። ዛሬ በየትምህርት ቤቱ የሚታየው ቼዝ ነው፤ ቼዝ መልካም ነው፤ የራሳችን ግን ከፓንክረስት ገጾች ወጥቶ ወደ ገበታ አልተመለሰም። ለባህል ሣምንት ድንኳን የሚተክሉ መሥሪያ ቤቶች አንድ የሰንጠረዥ ገበታ ከድንኳኑ ሥር ቢያስቀምጡ ምን ይጎድልባቸው ነበር?

ሰንጠረዥ ሌላም ነገር ያስተምራል። ጠጠሮቹ ከእንጨት፣ ከቀንድ ወይም ከዝሆን ጥርስ የተጠረቡ፣ ፊት የሌላቸው ነበሩ። በቢስቲማና በዙሪያዋ የሰው መልክ መሥራትን ሃይማኖቱ የማይፈቅድለት ብዙ ሰው አለ፤ ይህን ሰው ኋላ ቀር ብሎ መዝለል ድፍረት ነው። ጭፍራው ያለ ፊት ሊሠራ ይችላል፤ ሰንደቁ፣ ጋሻው፣ የፈረሱ ኮርቻና የጥምጥሙ ቀለም ማንነቱን ይናገራሉ። የማይጣሰው ሕግ አንድ ብቻ ነው፦ ዓይን ከተሣለ ለሁለቱም ሁለት፤ ካልተሣለም ለሁለቱም ባዶ።

ከሁሉ የከበደው ተቃውሞ የሚመጣው ከእናቶች ነው። በ2014 ዓ.ም. በጥቅምትና በኅዳር ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን አዳርሷል። የከባድ መሣሪያ ድምፅ የሰማን፣ ከቤቱ የተሰደደን ልጅ በጠረጴዛ ላይ ደግሞ ተዋጋ ማለት ምን ይባላል? ይህን ጥያቄ በቀልድ የሚያልፍ ሰው ስለ ኪነ ጥበብ ባይናገር ይሻለዋል። ነገር ግን ያ ልጅ ማንም ሳያዘው በየሜዳው እንጨት ተሸክሞ ጦርነት ሲጫወት እናየዋለን። በዚያ ጨዋታ ጠላት የሚሆነው አቅመ ደካማው፣ አዲስ መጤው ወይም አነጋገሩ ለየት ያለው ነው፤ የሚማረው አንድ ወገን መሆንን ብቻ ነው። በቀለሙ ሥራ ግን አንድን የጠላት ወታደር ለመጨረስ ምሽቱን ሙሉ መቀመጥ አለበት፤ የጫማውን ጠፍር፣ የነጠላውን ጥለት፣ የፊቱን መልክ ይሠራል። ልጁ ጦርነቱን ይረሳ ዘንድ አልጠይቅም። ጠላት የተባለውን አንድ ምሽት በእጁ ይዞ እንዲመለከተው ግን እጠይቃለሁ፤ ይህን የሚያህል ፋታ አዋቂዎቹ አልሰጡትም።

ወጪው ያስፈራል የሚሉ አሉ። በውጭ ምንዛሪ የሚገዛው የፕላስቲክ ጭፍራ በእውነት ያስፈራል። የሸክላ አፈር ግን አለን፤ ሸክላ ሠሪም አለን፤ ሙያዋ እስከ ዛሬ ከጀበናና ከምጣድ አልፎ እንዲታይላት ያልተፈቀደላት ባለ እጅ ናት። በ28 ሚሊ ሜትር ቁመት ሸክላ አልቀረጽ ካለ ወደ 5 ሳንቲ ሜትር ይደግ፤ የኖቲንግሐም መለኪያ በእኛ ላይ ሕግ አይደለም። ለመጀመሪያው ሙከራ ከየወገኑ አምስት ፈረሰኛና አሥር እግረኛ ይበቃል። ማን የትኛውን ጭፍራ እንደሚቀባ በዕጣ ይለይ እንጂ በምርጫ አይሁን፤ ተቀብቶ ካለቀ በኋላም ተጫዋቾቹ ጭፍራቸውን ተለዋውጠው ይግጠሙ። ጦሩ ከሸክላ ከተሠራ በመጀመሪያው ቀን ይሰበራልና ከስልክ ሽቦ ይሁን።