አባ ጎርጎርዮስ ባዶ እጃቸውን አልሄዱም

በግቢያችን ምሳ ሰዓት ላይ ከሚነሡት ወሬዎች አንዱ የጀርመን አገር ነፃ የትምህርት ዕድል ነው። ማን አመለከተ፥ ማንስ ደረሰው፥ የቋንቋው ፈተና ይከብዳል ወይስ ይቀላል እየተባለ ይወራል። እኔም ከዳንግላ የመጣሁ የቋንቋ ተማሪ ነኝና በጉጉት እሰማለሁ፤ ዕድሉ ቢደርሰኝም እምቢ የምል አይደለሁም። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ሲነሣ ሰምቼ አላውቅም። ይኸውም «ስንሄድ ምን ይዘን ነው የምንሄደው?» የሚለው ነው።

ይህን እንዳስብ ያደረገኝ የአባ ጎርጎርዮስ ታሪክ ነው። (ዓመቶቹን የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) አባ ጎርጎርዮስ የመካነ ሥላሴ ሰው ሲሆኑ፥ በ1649 ሮም ላይ ኢዮብ ሉዶልፍ ከሚባል ወጣት ጀርመናዊ ጋር ተዋወቁ። በ1652 የጎታው መስፍን ኤርንስት ጋብዘዋቸው በቤተ መንግሥቱ ጥቂት ወራት ተቀመጡ። እዚያም የአገራቸውን ታሪክና ቋንቋ ለሉዶልፍ አስረዱት። ሉዶልፍ በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ፥ በ1698 ደግሞ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አሳተመ። አባ ጎርጎርዮስ ግን ይህን ሳያዩ፥ በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከባቸው ሰጥማ ሞቱ።

እንግዲህ ልብ በሉ። በዚያ ቤተ መንግሥት መምህሩ ኢትዮጵያዊው፥ ተማሪው ጀርመናዊው ነበር። ከሁለት መቶ ኀምሳ ዓመት በኋላም አለቃ ታየ በ1905 ወደ በርሊን የሄዱት ለማስተማር ነው። ሁለቱም የሄዱት የአገራቸውን ትምህርት ጠንቅቀው ካወቁ በኋላ ነው፤ የተከበሩትም በዚሁ ነው።

የጀርመን ሰዎች የጀመሩትን አልተዉም። በሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ በሉዶልፍ ስም የተሰየመ የኢትዮጵያ ጥናት ማእከል አለ። ከዚያው የተዘጋጀው «ኢንሳይክሎፒድያ ኤቲዮፒካ» ከ2003 እስከ 2014 በአምስት ጥራዞች ታትሟል፤ ከጸሐፊዎቹም መካከል የእኛ አገር ሊቃውንት አሉበት። መተባበር ማለት እንዲህ ነው።

አሁን ወደ አዊ ልመለስ። አውንጊ ልጆቻችን በአንደኛ ደረጃ የሚማሩበት ቋንቋ ነው። ይሁን እንጂ ስለ ግሡ በሰፊው ለማጥናት የፈለገ ተማሪ የሮበርት ሄትዝሮንን የ1969 መጽሐፍ፥ ስለ ድምፁ የፈለገ ደግሞ የጀርመናዊውን የአንድሬያስ ዮስቪግን የ2010 ጥናት በእንግሊዝኛ ማንበብ አለበት። ለሁለቱም ምስጋና ይገባቸዋል። እኛ ግን ከእናታችን አፍ የሰማነውን ቋንቋ ሕግ ከባዕድ መጽሐፍ ስንፈልግ ትንሽ ማፈር ይገባናል።

ልጅ ሳለሁ አንድ እንግዳ ተመራማሪ መንደራችን መጥቶ ነበር። አያቴ ሁለት ቀን ሙሉ ተረትና የድሮ ወግ በአውንጊ አጫወተችው፤ እርሱም በመቅረጫ ይዞ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ወሬውም አልተሰማ። አያቴ አሁን አርጅታለች፤ ብዙውን ረስታዋለች። አንዳንድ ጊዜ «ያ ልጅ ያልኩትን ምን አደረገው?» ትላለች። ቀድሞ በእንግዳው እናደድ ነበር። ዛሬ የምናደደው በራሴ ነው። እርሱ ሁለት ቀን ሰማት፤ እኔ ሃያ ዓመት አብሬያት ኖሬ አንድ ተረት እንኳ አልጻፍኩም።

«ገንዘብ የለንም፥ መሣሪያ የለንም» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፥ ችግር አለ። ነገር ግን አባ ጎርጎርዮስም ስደተኛ እንጂ ባለጸጋ አልነበሩም። ለመጀመር ደብተርና እርሳስ ይበቃል፤ አውንጊም የሚጻፈው በምናውቀው ፊደል ነው።

ስለዚህ ለማኅበራችን ሁለት ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፥ በአዊ ምድር ጥናት የሚያደርግ ሁሉ፥ ጀርመናዊም ይሁን ሐበሻ፥ የሥራውንና የቀረጸውን ድምፅ ቅጂ ለእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት እንዲሰጥ እንጠይቅ። ሁለተኛ፥ እያንዳንዳችን ለዕረፍት ወደ ቤት ስንገባ ከአንድ ሽማግሌ አንድ ወግ ጽፈን እንመለስ። ጥር 23 ቀን የሰባቱ ቤት አገው ፈረሰኞች እንጅባራ ላይ ሲሰበሰቡ አባቶች ስንቱን ያወራሉ! ፎቶግራፍ ከማንሣት አልፈን እናዳምጣቸው።

ያን ጊዜ ጀርመን ብንሄድ ተቀባዮች ብቻ አንሆንም፤ ሰጪዎችም እንሆናለን። አያቴም በሕይወት ሳለች፥ እኔ ደብተሬን ይዤ በዚህ ዕረፍት እጀምራለሁ። እናንተስ?