ርእሰ አንቀጽ፤ ሕዝቡ ስንት ጊዜ ይክፈል?

በ2013 ዓ. ም. የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ አክሲዮን ማኅበር የውድድሩን የቴሌቪዥን መብት ለ5 ዓመት በ22.5 ሚሊዮን ዶላር ለደቡብ አፍሪቃው መልቲቾይስ ሲሸጥ ብዙዎቻችን አጨብጭበናል። አብዛኞቹ ክለቦች ከመንግሥት ካዝና በሚቆረስላቸው ገንዘብ የሚኖሩ ናቸውና፥ በዓመት ሲታሰብ 4.5 ሚሊዮን ዶላር የሚሆን ውል የሚናቅ አይደለም። የእኛ ክርክር ስለ ተመልካቹ ነው።

በዚያው ዓመት ለኮሮና ጥንቃቄም፥ ለቴሌቪዥን ሥርጭትም እንዲያመች ተብሎ ጨዋታዎቹ በአዲስ አበባ፥ በጅማ፥ በባሕር ዳር፥ በድሬዳዋና በሐዋሳ ብቻ በየተራ ተደረጉ። ደጋፊው ክለቡን በገዛ ሜዳው ማየት ቀረበት፤ የቀረለት ዲሹ ነው፤ ለዲሹም ወር በገባ ቁጥር ይከፈላል። ይህን ያልቻለ ዲኤስቲቪ ቤት ገብቶ ለየጨዋታው ሒሳብ ይሰጣል። የአጣዬና የሸዋ ሮቢት ወጣት በዚያ በቆላ ሙቀት፥ ቆርቆሮ ሥር አግዳሚ ላይ ተጠጋግቶ፥ ላቡን እየጠረገ ኳስ የሚያየው እንዲህ ነው። አጣዬ ደግሞ ይኸው የመጀመሪያው የውድድር ዘመን ሳያልቅ፥ በሚያዝያ 2013 ዓ. ም. የተቃጠለች ከተማ ናት። ቤቱን እንደገና ለሚያቆም ሰው ወርኃዊ ክፍያ ምን ማለት እንደ ሆነ ማስረዳት አያሻንም።

አባቶቻችን የእርቦንና የሲሶን ነገር ያውቁታል፤ አራሹ በላቡ ካመረተው ባለ መሬቱ ይካፈል ነበር። ቢሆንም አራሹ የገዛ እህሉን ለማየት አይከፍልም ነበር! በኳሱ እርሻ ግን ስታዲየሙ በሕዝብ ገንዘብ ተሠርቶ፥ ክለቡ በሕዝብ በጀት ተቀልቦ፥ ሕዝቡ ምርቱን ለማየት ዳግመኛ ይገዛል።

ንግድ ነው የሚሉን አሉ። የንግዱ አገር እንግሊዝ እንኳ፥ ፕሪሚየር ሊጓን ከ1992 እ. ኤ. አ. ጀምሮ ለሚከፈልበት ጣቢያ ብትሸጥም፥ በ1996 ባወጣችው የብሮድካስት ሕግ የዓለም ዋንጫና የኤፍ ኤ ዋንጫ ፍጻሜ የነጻ ጣቢያዎች ዕድል ሳይጠበቅ ለብቻ እንዳይሸጡ አግዳለች። በጥር 1954 ዓ. ም. ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪቃን ዋንጫ ስንወስድ ቴሌቪዥን ገና አልነበረንም፤ ስታዲየም ያልገባው ሰው ወሬውን ከራዲዮ ይጠብቅ ነበር፤ ለጆሮው ግን ቀረጥ የጣለበት አልነበረም።

እንግዲህ ወደ ፊት በሚፈረሙ ውሎች በየሳምንቱ ቢያንስ አንድ ጨዋታ በነጻ ጣቢያ ይታይ፤ የብሔራዊ ቡድናችን ግጥሚያ ከሽያጭ ውጭ ይሁን፤ የየክለቡም ድርሻ በአደባባይ ይነገር። የሕግ መምህሮቻችን እንዲህ ያለው ድንጋጌ በአገራችን ሕግ እንዴት ሊቀረጽ እንደሚችል ለሚቀጥለው እትም ቢጽፉልን ገጹን ክፍት አድርገን እንጠብቃለን።