ሁለት ቋንቋ በአንድ ጎጆ



ሐርጌሳን ከጅጅጋ በሚያገናኘው የቶጎ ውጫሌ መንገድ የሚመላለሰው ሸቀጥ ብቻ አይደለም፤ ሰውም፣ ትዳርም፣ ቋንቋም ይመላለስበታል። እ.ኤ.አ. በ1988 ሐርጌሳ በጦርነት ስትፈርስ እጅግ ብዙ ነዋሪዎቿ ተሰደው በኢትዮጵያ ምድር፣ በሐርትሼክ ተጠልለው ነበር። እንጀራ ፍለጋ ወደ ሐርጌሳ የተሻገሩ ኢትዮጵያውያንም ጥቂቶች አይደሉም። እንዲህ ባለው መመላለስ በተመሠረተ ጎጆ ውስጥ፣ እናት አማርኛም ሶማሊኛም ስትናገር አባት ሶማሊኛ ብቻ የሚያውቅበት ጊዜ አለ። ታዲያ ልጁ በየትኛው ቋንቋ አፉን ይፍታ?

ሶማሊኛው እምብዛም አያሳስብም፤ ጎረቤቱም፣ ገበያውም፣ ትምህርት ቤቱም ያስተምሩታል። አማርኛው ግን የተንጠለጠለው በእናቲቱ አንደበት ላይ ብቻ ነው። እርሷም ባሏን ባይተዋር ላለማድረግ ስትል ቀስ በቀስ ወደ ሶማሊኛው ታዘነብላለች። ጉዳቱ የሚታየው ውሎ አድሮ ነው፤ ልጁ አያቱን ሊጠይቅ በሄደ ጊዜ ምርቃቷን የሚሰማው በአስተርጓሚ ይሆናል።

የቋንቋ ተመራማሪዋ አኒክ ደ ሃውወር እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት ጥናት በቤልጂግ አገር በፍላንደርስ የሚኖሩ 1,899 ቤተሰቦችን መርምረዋል። አንዱ ወላጅ የአካባቢውን ቋንቋ ብቻ፣ ሌላው የመጣበትን ቋንቋ ብቻ ከሚናገርባቸው 100 ቤቶች በ74ቱ ይህን የመጤ ቋንቋ የሚናገር ልጅ ተገኝቷል። አንዱ ወላጅ ሁለቱንም ቋንቋ፣ ሌላው የአካባቢውን ብቻ በሚናገርባቸው ቤቶች ግን ቁጥሩ ወደ 36 አሽቆልቁሏል።

ስለሆነም እናት ከልጇ ጋር በአማርኛዋ ትጽና። ባሏ ከማዕድ ሲቀርብ፣ ለልጁ በአማርኛ የተናገረችውን ለአባትየው በሶማሊኛ ትድገምለት፤ ትርጉሙ ቤቱን ያስማማል እንጂ አይከፍልም። አባትም እጁን አጣጥፎ አይቀመጥ። «ና»፣ «ብላ»፣ «ጎበዝ» ማለትን ከልጁ ጋር ይማር። በሶማሊኛ «አፍ» ማለት አፍም ቋንቋም ነው፤ አማርኛውም አፍን «አፍ» ይለዋልና ከዚህች ቃል ሊጀምር ይችላል። ከሁሉ በላይ የሚስቱን ቋንቋ በልጁ ፊት ያክብር፤ አባት የናቀውን ቋንቋ ልጅ አይናገረውምና።

ነገሩ የሐርጌሳ ብቻ አይደለም። ከጦር ሰፈር ወደ ጦር ሰፈር በሚዛወረው የወታደር ቤትም የአንዲት እናት ቋንቋ ብቻዋን ትቀራለች። በግዳጅ ርቃችሁ የምትገኙ አባቶች፣ ወደ ቤት ስትደውሉ ልጃችሁ እናቱ ያስተማረችውን አንድ ቃል እንዲያስተምራችሁ ጠይቁት።