በየበጋው የሚሞላው የመኪና ጋዝ የት ይሄዳል?

በባሕረ ሰላጤው አገራት ሙቀቱ ከ45 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚያልፍባቸው ወራት በየጋራዡ በር የሚደመጠው ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፦ «ጋዝ ሙላልኝ»። መካኒኩ ይሞላል፣ ባለመኪናው ከፍሎ ይሄዳል፤ በቀጣዩ በጋ፣ አንዳንዴም ከወር በኋላ፣ ተመልሶ ይመጣል። ይህ ልማድ የቆመው በሁለት ነገሮች ላይ ነው፤ በጋዙ ርካሽነትና «ጋዝ በጊዜ ብዛት ያልቃል» በሚለው እምነት። የመጀመሪያው በዓለም አቀፍ ስምምነት እየተሸረሸረ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከመነሻውም እውነት አልነበረም።

የማቀዝቀዣ ጋዝ እንደ ቤንዚን አይቃጠልም። በታሸገ መስመር ውስጥ እየዞረ ከመኪናው ውስጥ ሙቀት ይወስዳል፣ በፊት ለፊት ባለው ኮንደንሰር በኩል ወደ ውጭ ይጥለዋል፣ ከዚያም ይመለሳል። በጎማ ቱቦዎች በኩል በዓመት ጥቂት ግራም ሊተን ይችላል። በአንድ በጋ የሚጎድል ከሆነ ግን መስመሩ ያፈስሳል ማለት ነው፤ ሳይጠገን የተሞላውም ጋዝ ተመልሶ አየር ላይ ይበተናል።

አየር ላይ መበተኑ ቀላል ነገር አይደለም። በመንገድ ላይ ባሉ ብዙ መኪኖች ውስጥ ያለው አር 134 ኤ የተባለው ጋዝ፣ በመቶ ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 1,430 ጊዜ የበለጠ ምድርን ያሞቃል። አንድ መኪና የሚይዘው 700 ግራም ቢያመልጥ ጉዳቱ ከአንድ ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ይተካከላል። እ.ኤ.አ. በ2016 በሩዋንዳ ርዕሰ ከተማ የተደረሰው የኪጋሊ ማሻሻያ የእነዚህን ጋዞች ምርትና ፍጆታ ደረጃ በደረጃ እንዲቀነስ የወሰነውም ለዚህ ነው። ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ኤምሬትስ፣ ኩዌት፣ ኳታር፣ ባሕሬንና ኦማን፣ ከሕንድ፣ ከፓኪስታን፣ ከኢራንና ከኢራቅ ጋር፣ የተራዘመ ጊዜ በተሰጠው ቡድን ውስጥ ተመድበዋል። ለዚህ ቡድን መነሻ ልኬቱ የሚሰላው ከ2024 እስከ 2026 ባለው ፍጆታ ነው፤ በ2028 ፍጆታው ባለበት እንዲቆም፣ በ2032 በ10 በመቶ እንዲቀንስ፣ በ2047 ደግሞ ቅነሳው 85 በመቶ እንዲደርስ ሰሌዳው ያዝዛል። ኢትዮጵያ የምትገኝበት ቡድን ቀደም ብሎ ይጀምራል፤ ፍጆታው በ2024 ባለበት እንዲቆም፣ በ2029 በ10 በመቶ እንዲቀንስ ተወስኗል።

ቁጥሮቹ ሩቅ ይመስላሉ፤ ሆኖም በአውሮፓ የኮታ ቅነሳው በጠነከረበት በ2017 እና በ2018 የጋዝ ዋጋ በእጅጉ ንሮ ነበር፣ ኮንትሮባንድም ተከትሎታል። አዳዲስ መኪኖች የሚጠቀሙበት አር 1234 ዋይ ኤፍ ምድርን የማሞቅ አቅሙ እጅግ አነስተኛ ቢሆንም ዋጋው ከቀዳሚው በብዙ ይበልጣል። ሁለቱን መቀላቀልም ፈጽሞ የተከለከለ ነው።

እንግዲህ ርካሹ መንገድ የሚያፈስሰውን ቦታ ማግኘት ይሆናል። እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያሳስተው ጌጁ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ፣ በመስመሩ ውስጥ ፈሳሽ ጋዝ እስካለ ድረስ፣ የሚነበበውን ግፊት የሚወስነው ሙቀቱ እንጂ የጋዙ መጠን አይደለም። በ45 ዲግሪ አር 134 ኤ ወደ 10 ባር ተኩል ያሳያል፤ 300 ግራም ቢኖርም 700 ግራም ቢኖርም ንባቡ ያው ነው። በመሆኑም «ጌጁ ሙሉ ነው ይላል» የሚለው ፍርድ ዋጋ የለውም። እውነተኛው ልኬት ጋዙን በማሽን አውጥቶ መመዘንና በኮፈኑ ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ ከተጻፈው ግራም ጋር ማስተያየት ነው።

በሌላ በኩል አለመቀዝቀዝ ሁሉ የጋዝ መጉደል አይደለም። መኪናው ሲሄድ ቀዝቅዞ ሲቆም የሚሞቅ ከሆነ የኮንደንሰሩ ፋን መታየት አለበት።

ጋዝ መጉደሉ ከተረጋገጠ ጥርጣሬው በጥቂት ቦታዎች ላይ ያርፋል። ኮንደንሰሩ ከራዲያተሩ ፊት ስለሚቀመጥ ጠጠር ይመታዋል፣ የባሕር ዳር ጨውም ይበላዋል። በመጋጠሚያዎች ላይ ያሉት የጎማ ቀለበቶች በሙቀት ደርቀው ይሰነጠቃሉ። የኮምፕረሰሩ ዘንግ ማሸጊያም ያልቃል። አንዳንዴ ጥፋቱ ሁሉ በመሙያው ቫልቭ ላይ ይገኛል፤ ይህ ከሁሉ ርካሹ ጥገና ሆኖ ሳለ ብዙ ጊዜ ማንም አያየውም። ጋዙ ዘይት ይዞ ስለሚዞር በሚያፈስስበት ቦታ አቧራ የያዘ ቅባት ይታያል። ካልታየ በአልትራ ቫዮሌት መብራት የሚያበራ ቀለም ይጨመራል፣ ወይም መስመሩ በናይትሮጅን ተሞልቶ በሳሙና ውኃ ይፈተሻል። በዳሽቦርዱ ውስጥ የተሸሸገው ኢቫፖሬተር ከተጠረጠረ የጋዝ መመርመሪያው ውኃ በሚንጠባጠብበት ቱቦ አፍ ላይ ይያዛል።

ከጥገናው በኋላ እርጥበት መጣጩ ይለወጣል፣ አየሩና እርጥበቱ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት በቫኪዩም ፓምፕ ይወጣል፣ የጠፋው ዘይት ይተካል፣ ጋዙም በሚዛን ይገባል። ዘይቱ ሳይተካ በየበጋው ጋዝ ብቻ የተሞላ ኮምፕረሰር በመጨረሻ ይነክሳል፤ የብረት ብናኙም መስመሩን ሁሉ ያበላሻል። ያኔ የሚወጣው ገንዘብ ከብዙ ዓመታት የጋዝ መሙያ ይበልጣል።

ዋጋ ሲንር ሐሰተኛ ጋዝ ይበዛል። በ2011 በመርከብ ኮንቴይነር ማቀዝቀዣዎች ውስጥ ሜቲል ክሎራይድ የተቀላቀለበት ሐሰተኛ ጋዝ ገብቶ በቬትናምና በብራዚል ሠራተኞች በፍንዳታ ሞተዋል። ይህ ንጥረ ነገር ከአሉሚኒየም ጋር ሲገናኝ አየር ሲነካው የሚቀጣጠል ውሁድ ይፈጥራል፤ የመኪና ኮንደንሰርም አሉሚኒየም ነው።

ጉዳዩ በተለይ የአሠሪያቸውን መኪና ለሚነዱ ሾፌሮች ይከብዳል። ሕፃናትና አረጋውያንን በቀትር የሚያመላልሱት እነርሱ ናቸው፤ ለጥገናው የሚከፍለው ግን ሌላ ሰው ነው። አሠሪው «ባለፈው ወር ተሞልቶ የለም ወይ?» ሲል የሚረዳቸው ደረሰኝ ነው፦ ስንት ግራም ወጣ፣ ስንት ግራም ገባ፣ የትኛው ዕቃ ተለወጠ፣ ቫኪዩሙ ስንት ደቂቃ ያዘ። ከመሙላቱ በፊት እነዚህን አራት ነገሮች ለመጻፍ ፈቃደኛ ያልሆነ ጋራዥ ሊያደርግ ያሰበው መሙላት ብቻ ነው።