የዐፄ ዳዊትን ከተማ ፍለጋ ወደ እንጦጦ

የዕረፍት ቀን የተሰጠው ሰውነትን ለማሳረፍ ብቻ አይደለም፤ አባትና እናት ከልጆቻቸው ጋራ ሆነው የሚነጋገሩበት ጊዜ እንዲያገኙም ነው። ዳሩ ግን ብዙዎቻችን የሳምንቱን ሥራ ከፈጸምን በኋላ ቀኑን በእንቅልፍና በእንግዳ ስለምናሳልፈው፤ ልጆቻችን ስለሚኖሩበት አገር የሚያውቁት በትምህርት ቤት ያነበቡትን ብቻ ይሆናል። ስለዚህ በዚህ ሳምንት ለቤተ ሰብ የሚጠቅም ነገር ብለን የመረጥነው፤ ከወዳጆቻችንና ከልጆቻቸው ጋራ ወደ እንጦጦ ተራራ በእግር ወጥተን የጠየቅነውን አንድ የቈየ አፈ ታሪክ ነው።

አፈ ታሪኩ እንዲህ ይላል። ዐፄ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ በወጨጫ ተራራ ሰፍረው ነበር። በዚያን ጊዜ ነገር ዐዋቂዎች ቀርበው የጥንቱ የዐፄ ዳዊት ከተማ በማዶው ተራራ በእንጦጦ ላይ እንደ ነበረ ነገሯቸው። ንጉሡም አስፈልገው ፍራሹን ባገኙ ጊዜ፤ የአባቶቼን ከተማ አቀናለሁ ብለው ወደዚያ ተሻገሩ ይባላል። ከዚያ ወዲህ ያለው ግን ተረት ሳይሆን የታወቀ ታሪክ ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተራራው ግርጌ በፍል ውሃው አጠገብ ተቈረቈረች፤ ዐፄ ምኒልክም ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ ጫኑ።

እኛም በማለዳ ከሽሮ ሜዳ ተነሥተን ዳገቱን ያዝን። ተራራው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚበልጥ ስለ ሆነ፤ ትንፋሽ ያጠረው ሁሉ ልጆቹን ለማስተማር ያሰበ እየመሰለ ብዙ ጊዜ ይቆም ነበር። በእውነትም የሚያስተምር ነገር አልጠፋም። በደቡብ በኩል የሚወርደው ውሃ በአቃቂ አድርጎ ወደ አዋሽ፤ በሰሜን በኩል የሚወርደው ግን ወደ ዓባይ መሄዱን ስንነግራቸው፤ አንዲት ትንሽ ልጅ በሁለቱ ቍልቍለት መካከል ቆማ አንዱን እግሯን ለዓባይ ሌላውን ለአዋሽ ሰጠች። ተራራውን የሸፈነው ባሕር ዛፍም የአገሩ ተወላጅ አለመሆኑን፤ የጥንቱ ዛፍ ለማገዶና ለቤት ሥራ ተቈርጦ ባለቀ ጊዜ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከውጭ አገር የመጣ መሆኑን አስረዳናቸው።

ከላይ እንደ ደረስን ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱ አንዲት አሮጊት አገኘን። ከወዳጆቻችን አንዱ፤ በሹመት የከበረ ሰው፤ ቆቡን አንሥቶ «እማማ፤ የዐፄ ዳዊት ከተማ የነበረው በየት በኩል ነው?» ብሎ ጠየቃቸው። እሳቸውም ሸክማቸውን በድንጋይ ላይ አስደግፈው ጥቂት ካረፉ በኋላ እንዲህ አሉ።

«ጌቶቼ፤ እኔ የማውቀው አያቴ የነገሩኝን ነው። ከዚያ ጕብታ በታች ካለው ድንጋይ አታንሡ፤ የንጉሥ ደጅ ነው ይሉን ነበር። እኔ ግን ለልጆቼ አልነገርኩም፤ የጠየቀኝ የለማ።»

ወዳጃችን ሸክሙን እንደ ገና አሸከማቸው፤ እኛም ወደ አሳዩን ስፍራ ወረድን። በሣርና በቍጥቋጦ መካከል የተበተነ ብዙ ድንጋይ አለ፤ ግን ጽሕፈት የለበትም፤ ድንጋይም ብቻውን ታሪክ አይናገርም። አንዱ ወዳጃችን «ይህ የገበሬ ካብ ነው፤ ተረት ነው» አለ፤ ሌላው «አባቶች ያሉት ሁሉ እውነት ነው» ብሎ መለሰለት። በዚህ መካከል አንድ ልጅ ለማስታወሻ ብሎ አንዲት ድንጋይ በኪሱ ከተተ፤ አባቱም አይቶ በነበረችበት እንዲመልሳት አዘዘው። ከሁለቱ ተከራካሪዎች ይልቅ ይህ አባት ሳይበልጥ አይቀርም።

በእኛ አሳብ አፈ ታሪክ የሚናቅም፤ ሳይመረመር የሚታመንም አይደለም። ዳዊት የሚባሉ ከአንድ በላይ ነገሥታት እንደ ነበሩ የታወቀ ነው፤ የመጀመሪያው እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ከ1382 እስከ 1413፤ ሁለተኛው ልብነ ድንግል የተባሉት ከ1508 እስከ 1540 ነገሡ። አፈ ታሪኩ ስሙን ጠብቆ የትኛው እንደ ሆነ ጥሏል። ነገር ግን በዚህ አገር ከተማ እንደ ነበረ የሚመሰክር ጽሑፍ አለ። የቬኔስያው መነኵሴ ፍራ ማውሮ በ1450ዎቹ በሣለው የዓለም ካርታ ላይ በዚህ አውራጃ ባራራ የምትባል ከተማ ትገኛለች፤ እርሱም ስለ ኢትዮጵያ የጻፈውን ከኢትዮጵያውያን ካህናት አፍ እንደ ሰማ ራሱ ገልጿል። ሪቻርድ ፓንክረስትም ከባልደረባቸው ጋራ በ2009 ባሳተሙት ጥናት ከወጨጫ እስከ የረር ተራራ ያለውን የጥንት ሰፈር ፍራሽ መርምረው ጽፈዋል፤ የከተማይቱ ትክክለኛ ቦታ ግን ሊቃውንትን እስካሁን ያከራክራል።

አስተውሉ። የባራራ ስም ከእኛ ዘመን የደረሰው ካህናቱ ስላወሩት ብቻ አይደለም፤ ባዕድ አገር ያለ አንድ ሰው ጠይቆ ስለ ጻፈው ነው። በቤታችን ያሉ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ግን እስኪጠየቁ ይጠብቃሉ፤ የጠየቃቸውም ባይኖር ነገሩን ይዘው ወደ መቃብር ይወርዳሉ። ያን ጊዜ ከድንጋዩ በቀር የሚቀር የለም፤ ድንጋዩም አንድ ቀን ለአጥር ወይም ለቤት መሠረት ይወሰዳል፤ ምን እንደ ነበረ የሚያውቅ ሰው ከሌለ አትውሰድ የሚል ከየት ይመጣል?

ስለዚህ የቤት አባቶችና እመቤቶች ይህን ልማድ እንድታደርጉ እናሳስባለን። ከልጆቻችሁ አንዱ ጽሕፈቱ የተጣራው ደብተር ይያዝ። ከአያቱ ወይም ከጎረቤት ሽማግሌ የሰማውን ሳያሳምርና ሳይጨምር በተናገሩበት ቃል ይጻፍ፤ የተናጋሪውን ስም፤ ቦታውንና ቀኑን ከራስጌው ያኑር። የሚጠራጠርበት ነገር ቢኖር ጥርጣሬውን በኅዳግ ይጻፈው እንጂ ቃሉን አይሰርዘው። ወደ ስፍራውም ሲሄድ ዐይኑን ይዞ ይሂድ፤ እጁን ግን ይሰብስብ።

ለዚህ ሥራ ትልቅ ተራራ መውጣት ግዴታ አይደለም፤ በቤታችሁ በዕድሜ ከሁሉ ከሚበልጡት ሰው ዛሬ ማታ መጀመር ይቻላል።