ስለ ጋራ ጨዋታና ስለ አዋኪ ሙዚቀኞች

በጅቡቲ ከተማ ከኢትዮጵያ የተጫነው ጫት እኩለ ቀን ገደማ ገብቶ ከተከፋፈለ በኋላ ገበያው ጸጥ ይላል፤ ሰውም ከፀሐዩ ሸሽቶ ወደየማብራዙ ይገባል። ማብራዝ ማለት በሐረርና በድሬዳዋ በርጫ ለሚባለው ጨዋታ የሚሰበሰቡበት ቤት ነው። ምንጣፉ ተነጥፎ፣ ትራሱ ተደርድሮ፣ ውሃውና ሻዩ ቀርቦ፣ ነጋዴው ከጉምሩክ ጸሐፊው፣ መምህሩ ከመርከበኛው፣ ሽማግሌው ከጐረምሳው ጋራ ጐን ለጐን ተቀምጦ እስኪመሽ ይጨዋወታል። ዑድ የሚመታ ሰው ከተገኘ ደግሞ ወሬው ወደ ዘፈን ይለወጣል። አንዱ ዑዱን ሲያነሣ ሌላው ከበሮውን ይቀበላል፤ ዜማውን የሚያውቅ ድምፁን ያሰማል፤ የማያውቅም በጭብጨባ ይረዳል። ማንም አልተቀጠረም፤ ማንም የመግቢያ ዋጋ አልከፈለም። የጨዋታው ጣዕምም ያለው በዚሁ ነው።

ነገር ግን በሩ ለሁሉ የተከፈተ ቤት ሁሉ የሚያጋጥመው ችግር ይህንንም ቤት ያጋጥመዋል። ለጋራ የተዘረጋውን ጨዋታ የግሉ የሚያደርግ ሙዚቀኛ ይመጣል። ይህ ሰው ብዙውን ጊዜ ክፉ ሰው አይደለም፤ እንዲያውም ጣቱ የሠለጠነ፣ በሠርግ ቤት ተጫውቶ ያደረ፣ ሲያመሰግኑት የኖረ ነው። ሲገባ የተጀመረው ዘፈን እስኪያልቅ አይታገሥም፤ በሌላው ዜማ ላይ የራሱን መሣሪያ ይቃኛል። ተራው ሲደርስ አንድ ዘፈን ብሎ ጀምሮ በአራተኛው ያበቃል። ሌላው ሲዘፍን ዝቅ ብሎ ማጀብ እንደ ውርደት ይቈጠርበታል፤ በየስንኙ መካከል የራሱን ጌጥ ይሰነቅራል። ጀማሪው ሲሳሳት ይሥቃል፤ ሽማግሌው የድሮውን ዜማ ሲያነሣ ደግሞ ስልኩን ይመለከታል።

ከሁሉ የሚብሰው የድምፅ ማጉያ ይዞ የሚመጣው ነው። ዑድ ሆዱ የጐበጠ የእንጨት መሣሪያ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ 11 ክር አለው፤ ድምፁም በአንድ ክፍል ውስጥ ለተቀመጡ ሰዎች ጆሮ የተመጠነ ነው። በዚህ አጠገብ የኤሌክትሪክ ኦርጋን ከነማጉያው ሲተከል ዑደኛው ክሩን እስኪበጥስ ቢመታ አይሰማም። ኦርጋኑ የከበሮ ምትም በውስጡ ስላለው ከበሮ መቺው እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። በዚህ ላይ የቅኝቱ ነገር ይጨመራል። በባሕሩ ዳር ያለው እርጥብ አየር የዑዱን እንጨትና ክር አንድ ጊዜ ያላላዋል፣ አንድ ጊዜ ያጠብቀዋል፤ ስለዚህ ዑደኛው መሣሪያውን አስማምቶ ለመቀመጥ ብዙ ይደክማል። ኦርጋኑ ግን አንድ ቁልፍ በመጫን ከየትኛውም ቃና ጋራ ሊስማማ ይችላል። ሆኖም በቀላሉ መስማማት የሚችለው እንደ ተቀመጠ፣ 11 ክር እንደ ገና እንዲቃኝ የሚገደደው ያኛው ነው። ከዚህ የበለጠ ፍርደ ገምድልነት በሙዚቃ ቤት አይገኝም።

ይህ ነገር የቅንጦት ክርክር የሚመስለው ሰው ቢኖር በዚህ ቤት የሚዘፈነው ምን እንደ ሆነ ያስታውስ። በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. የጭነት መኪና ነጂ የነበረው አብዲ ሲኒሞ ባልዎ የሚባለውን አጭር የፍቅር ግጥም በዜማ ባወጣው ጊዜ የሃይማኖት ሽማግሌዎች ነቅፈውት ነበር፤ ይሁን እንጂ ዘፈኑ በመኪና መንገድ ከከተማ ወደ ከተማ ተዛመተ። አብዱላሂ ቀርሼም ዑድን ከሶማልኛው ዘፈን ጋራ አዋሕዶ ዛሬ ቀራሚ ለሚባለው የዜማ ዓይነት መንገድ ከጠረጉት አንዱ ሆነ። እነዚህ ዘፈኖች የቃል ዘፈኖች ናቸው። ቃሉ ካልተሰማ፣ ሰሚውም «ወይ ጉድ!» ካላለ፣ ዘፈኑ እንዳልተዘፈነ ይቈጠራል። ማጉያው የሚሰብረው እንግዲህ የዑዱን ድምፅ ብቻ አይደለም፤ ግጥሙንም ነው። ግጥሙን በቃሉ የያዘው ሽማግሌ ሁለት ሦስት ጊዜ ሳይሰማ ከቀረ በአራተኛው ቀን አይመጣም። እርሱ ሲቀር የሚቀሩትን ዜማዎች ማንም አልጻፋቸውም።

ለነጋዴውና ለአስተዳዳሪውም ቢሆን ጉዳቱ ሩቅ አይደለም። ከኢትዮጵያ የገቢና የወጪ ንግድ ከ100 እጅ 90 ያህሉ በጅቡቲ ወደብ ያልፋል። ይህ ሁሉ ዕቃ የሚያልፈው በወረቀትና በማኅተም ብቻ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ወደብ አይቶ አያውቅም። ሶማሌው፣ አፋሩ፣ የየመኑ ዐረብና ኢትዮጵያዊው የሚተዋወቁት፣ ማን ቃሉን እንደሚጠብቅና ማን እንደሚያጥፍ የሚያውቁት በእንዲህ ያለው የከሰዓት በኋላ መቀመጫ ነው። ሙዚቃውም ለዚህ ይረዳል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ በአምስት ድምፅ የሚቃኙ ናቸው፤ የሶማሌውም ዘፈን አብዛኛው እንዲሁ በአምስት ድምፅ የተመሠረተ ነው፤ ስለዚህ ቋንቋ ያልተግባቡ ሰዎች በዜማ ቶሎ ይግባባሉ። አንድ ሰው ጨዋታውን ሲይዘው ግን የተለያዩት ሰዎች እንደ ገና በየወገናቸው ይቀመጣሉ፤ ከጥቂት ጊዜም በኋላ በየወገናቸው ቤት ይመርጣሉ።

በደመወዝ በሚተዳደር የሙዚቃ ጓድ ይህ ችግር ብዙ አይታይም። በጅቡቲ የገዢው ፓርቲ ጓድ የነበረውና ፓርቲው በተመሠረተበት በመጋቢት 4 ቀን 1979 እ.ኤ.አ. ስም «ካትር ማርስ» የተባለው ቡድን አርባ ያህል ሰው ይዞ ነበር። «የጅቡቲ ጨፋሪ ሰይጣናት» የሚል ርእስ ባለው በ2020 እ.ኤ.አ. በወጣው አልበሙ በውጭ አገር የታወቀው የአገሪቱ የራዲዮና የቴሌቪዥን ጓድም ሳክስፎንና ጊታር፣ የወንድና የሴት ድምፅ አንድ ላይ ይዞ ይጫወታል። በእንዲህ ያለው ቦታ መሪ አለ፣ ልምምድ አለ፤ ተራውን ያላወቀም የሚጠይቀው አለቃ አለው። በማብራዙ ግን አለቃ የለም። ደግሞም የመጣው ሁሉ እንግዳ ነው፤ እንግዳን መገሠጽ ነውር ነው ተብሎ ስለሚታሰብ ሁሉም ይታገሣል፤ ታጋሹም ሁሉ በልቡ ያጕረመርማል።

ታዲያ ምን ይደረግ ሲባል አንዳንድ ሰዎች ሙዚቀኛውን በሙዚቃ ማሸነፍ ይሻላል ይላሉ። ለዚህም ከአሜሪካ ምሳሌ ይጠቀሳል። በኒው ዮርክ ከተማ፣ በሃርለም ሰፈር፣ ሚንተንስ ፕሌይሃውስ በተባለው ቤት በ1940ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. እነ ቴሎንየስ ሞንክና ኬኒ ክላርክ ማታ ማታ ሲጫወቱ፣ ያልበሰለ ሰው መድረክ ላይ ሲወጣ ዜማውን ሆን ብለው በጣም ያፈጥኑት፣ ኅብረ ድምፁንም ያወሳስቡት ነበር ይባላል፤ ሰውዬው ግራ ገብቶት ይወርዳል። በካንሳስ ከተማም በ1936 እ.ኤ.አ. ገደማ ገና ጐረምሳ የነበረው ቻርሊ ፓርከር ሲጫወት ምቱ ጠፍቶት፣ ከበሮ መቺው ጆ ጆንስ ከከበሮው ላይ የናሱን ሳህን አንሥቶ እግሩ ሥር ወረወረበት። ፓርከር አፍሮ ሄደ፤ ተምሮም ተመለሰና ከታላላቆቹ አንዱ ሆነ። ታሪኩ ደስ ያሰኛል። ዳሩ ግን እንደዚህ አፍረው ወጥተው ያልተመለሱትን ማን ቈጠራቸው? ከዚህም ሌላ በምሳሌው ውስጥ አንድ ስሕተት አለ። የፓርከር ጥፋት አለማወቅ ነበር። ስለ አዋኪ ሲነገር ግን የሚነገረው ስለማያውቅ ሰው አይደለም፤ እያወቀ ለሌላው ስለማይተው ሰው ነው። በሚንተንስ ሥርዓት ቢሆን ኖሮ ፈጣኑንና አስቸጋሪውን በመጫወት የሚያሸንፈው ይኸው አዋኪ ነበር፤ የሚባረረው ደግሞ ዑዱን ዝግ አድርጎ የሚመታው ሽማግሌ ይሆን ነበር።

ሌላው መድኃኒት ተብሎ የሚነገረው ዝም ብሎ መቅረት ነው። ይህ ለጊዜው ጨዋነት ይመስላል፤ ፍሬው ግን ቤቱን ለአዋኪው ማስረከብ ነው። ተቈጥቶ በመካከል መነሣትም አይጠቅም፤ በሰው ፊት የተዋረደ ሙዚቀኛ ድምፁን ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

አበው «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይላሉ። የዚህም ጕዳይ መፍትሔ ያለው ከባለቤቱ ዘንድ ነው። ምንጣፉን የዘረጋ፣ ሻዩን ያፈላ፣ በሩን የከፈተ ሰው የጨዋታውም ዳኛ መሆን ይገባዋል። ብዙ ባለቤቶች ይህን ሸክም ይሸሻሉ፤ ቤት ማዋሳቸውን ብቻ እንደ በቂ ደግነት ይቈጥሩታል። ነገር ግን በዚያው በጅቡቲ፣ እንዲሁም በኢትዮጵያና በሶማልያ የሚኖሩት የኢሳ ሶማሌዎች ያለ ዳኛ ጉባኤ እንደማይሆን ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። ሔር ኢሴ የሚባለው ያልተጻፈ ሕጋቸው በ2024 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የተመዘገበ ሲሆን፣ 44 ሽማግሌዎች ያሉት ሸንጎ አለው፤ ኡጋሱም በላያቸው ነው። በዛፍ ጥላ ሥር የሚቀመጥ ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ቢናገር ፍርድ ባልኖረም ነበር። ነገርን በተራ መናገር የለመደ ሰው ዑድን በተራ መምታት ከአቅሙ በላይ ነው ሊባል አይችልም።

ባለቤቱ የሚሠራው ሥራ ብዙ አይደለም፤ ጊዜውን ማወቅ ግን ያስፈልገዋል። ጨዋታው ከሞቀ በኋላ የሚነገር ቃል እንደ ጠብ ይቈጠራል። ስለዚህ ገና ሰው ሲሰበሰብ፣ ማጉያው ከመከፈቱ በፊት፣ የዛሬው ቅኝት የዑዱ ቅኝት መሆኑን ይንገር፤ ኦርጋኑም ለርሱ ይስማማ። ማጉያውን ወደ ግድግዳው ያዙረው፤ የሚጮኸውን ሰው ከራሱ አጠገብ፣ ድምፁ ዝግ ያለውን ሰው ከመካከል ያስቀምጥ። አንዱ ሁለት ዘፈን ሲጨርስ «ወንድሜ፣ እጅህን ይባርከው፤ አሁን ደግሞ ሽማግሌው ያሰሙን» ብሎ ሻይ ይቅዳለት። ሻይ በእጁ የያዘ ሰው መሣሪያ አይመታም። በኢትዮጵያ የአዝማሪ ቤት «ተቀበል!» የምትለው አንዲት ቃል ይህንኑ ሥራ ትሠራለች፤ አንዱ እንግዳ «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ሲሰጥ አዝማሪው የራሱን ትቶ የእንግዳውን ይዞ ይዘፍናል። ማሲንቆው በእጁ ሳለ ቃሉን ለሌላው ስለሚለቅ ከክብሩ የሚቀንስበት ነገር የለም፤ እንዲያውም ሽልማቱን የሚያገኘው በዚሁ ነው።

ይህ ሁሉ ካልረዳ ባለቤቱ ሙዚቀኛውን ለብቻው፣ ከበር ውጭ፣ ጨዋታው ሲያልቅ ያነጋግረው። በዚያ ጊዜ የሚነገረው ስለ ጠባዩ ሳይሆን ስላደረገው ነገር ይሁን፤ «አንተ ኩሩ ነህ» ከማለት «ትናንት እከሌ ሦስት ጊዜ ዑዱን አንሥቶ ሦስት ጊዜ አስቀመጠው» ማለት ይበልጣል። ብዙው ሰው እንዳላየው ይናገራል፤ እውነትም አላየውም። ከዚያ በኋላ የማይመለስ ከሆነ እንዳይመጣ መንገር የባለቤቱ መብት ነው፤ ይህንንም ሲያደርግ መፍራት የለበትም። አንድ ሰው በመቅረቱ ስድስት ሰው ይመለሳል። ነገር ግን ጀማሪ በዚህ ፍርድ ውስጥ ከቶ መግባት አይገባውም። ጀማሪ ቢስት፣ ምት ቢያጠፋ፣ አንዱን ዘፈን ሁልጊዜ ቢደጋግም፣ ለርሱ ቦታ ከሌለ ነገ ዑድ የሚመታ አይኖርም።

ከአስተዳደር ሰዎች መካከል ነገሩን በደንብ መወሰን የሚሻ አይታጣም፤ ይህ ግን ማን መዝፈን እንዳለበት እስከ መወሰን ሊደርስ አይገባም። ከግድግዳው ውጭ ያለው ነገር የመንግሥት ነው፤ ሕፃን የሚያስተኛ ጐረቤት፣ ሌሊት በሚጮኽ ማጉያ እንቅልፍ ያጣ በሽተኛ፣ መንገድ የዘጋ ሰልፍ ለዘበኛ ይነገራል። ከግድግዳው ውስጥ ያለው ግን የባለቤቱ ነው። ስለ ዑድና ስለ ኦርጋን ጠብ ዘበኛ የተጠራበት ቤት በማግሥቱ ባዶ ይሆናል። ይልቅስ ገንዘብ ያላቸው ነጋዴዎች ቤታቸውን ለጨዋታ ሲሰጡ ከቤቱ ጋራ አንድ የሚከበር ሰውም አብረው ቢሰይሙ ከደንብ ሁሉ ይበልጥ ይጠቅማሉ።

አስቸጋሪ የሚሆነው ቋሚ ባለቤት በሌለበት ስፍራ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ፒኬ 12 በሚባለው ሰፈር ዕቃ የሚጠብቁ የኢትዮጵያ የጭነት መኪና ነጂዎች ያድራሉ፤ ዛሬ ያለው ነገ ይሄዳል፤ ማሲንቆ ወይም ክራር ይዞ የመጣ ቢኖር ማንም አያውቀውም፤ ማንም አያዝዘውም። በእንዲህ ያለው ስፍራ ዳኝነቱ የሚገባው በዚያ ከምትቆየው ሰው ዘንድ፣ ማለት ምግብ ቤቱን ከያዘችው ሴት ዘንድ ነው። ማን ዕዳውን እንደ ከፈለ፣ ማን ሲመሽ ጠብ እንደሚወድ እርስዋ ታውቃለች። የቡናውን ሁለተኛ ሲኒ ስታቀርብ «በል ልጄ፣ ማሲንቆውን ለወንድምህ አሳልፍለት» ብትል እምቢ የሚል ነጂ አይገኝም።