ከሩጫ ወደ ምርጫ

ለመሆኑ ሩጫ ያሸነፈ ሰው ምርጫ ቢገባ ምን ይለዋል? ይህን የምጠይቀው ለቀልድ አይደለም። እኔ የአምበር ልጅ ነኝ፤ ደብረ ማርቆስ ሳይደረስ ያለችው የአነደድ ወረዳ ከተማ። እኛ አገር ልጅ ትምህርት ቤት የሚደርሰው እየሮጠ ነው። የሕዝብ ተመራጭ የሚባለው ሰው ግን ቁጭ ብሎ ነው የሚመረጠው። ስሙ ከላይ ተጽፎ ይመጣል፣ እኛ ደግሞ እናጨበጭባለን። አንዱ ሮጦ ያላገኘውን ሌላው ተቀምጦ ያገኘዋል።

እ.ኤ.አ. በ2013 ሻለቃ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ለ2007ቱ ምርጫ በግሉ ተወዳድሮ ፓርላማ መግባት እንደሚፈልግ ሲናገር ሰዉ ለሁለት ተከፈለ። ገሚሱ «ያን ሁሉ ሀብት ይዞ ምን አንቀለቀለው?» አለ። ገሚሱ ደግሞ «ሯጭ ስለ ፖለቲካ ምን ያውቃል?» አለ። ካድሬውስ ምን ያውቅ ነበር ብሎ የጠየቀ አልሰማሁም። ግንቦት 2007 ሲደርስ ኃይሌ ከዕጩዎቹ መካከል አልነበረም። ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም ወንበር ጠራርገው ወሰዱ። ብቻውን የሮጠ አንደኛ ይወጣል ይሏል ይህ ነው! ከዚያ በፊት በ2002 ቢያንስ ሁለት ሰዎች ሾልከው ገብተው ነበር፦ ከተቃዋሚ አቶ ግርማ ሰይፉ፣ በግል ደግሞ የእግር ኳስ ፌዴሬሽን መሪ የነበሩት ዶክተር አሸብር ወልደ ጊዮርጊስ። ለግል ተወዳዳሪ ከ547 አንዲት ወንበር! እንዳያማህ ጥራው፣ እንዳይበላ ግፋው ማለት እንዲህ ነው።

ወደ «ሯጭ ምን ያውቃል» እንመለስ። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1964 ቶኪዮ ላይ ሁለተኛውን የማራቶን ወርቅ ሲያጠልቅ፣ በዚያው ኦሎምፒክ ቢል ብራድሌይ የሚባል የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በቅርጫት ኳስ ለአሜሪካ ወርቅ ወስዷል። ያ ተማሪ ቆይቶ የኒው ጀርሲ ሴናተር ሆነ፤ ከ1979 እስከ 1997 ድረስ 18 ዓመት አገለገለ። አሜሪካ ሩቅ ነው ካላችሁ ኬንያን እዩ። ዌስሊ ኮሪር በእግሩ ጉልበት አሜሪካ ሄዶ በሉዊቪል ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ ተማረ። በ2012 የቦስተን ማራቶንን አሸነፈ፤ በ2013 ቼራንጋኒ ከሚባል የምርጫ ክልል በግሉ ተወዳድሮ ፓርላማ ገባ። በ2017 ሕዝቡ ሌላ ሰው መረጠና ወንበሩን ለቀቀ። የላይቤሪያው ጆርጅ ዊሃም በ2018 ከኳስ ሜዳ ተነሥቶ ፕሬዚዳንት እስከ መሆን ደረሰ፤ በ2023 ሲሸነፍ ተቀናቃኙን እንኳን ደስ ያለህ ብሎ ወረደ። ሯጭና ኳስ ተጫዋች ከሌላው ፖለቲከኛ የሚለየው አንድ ነገር ይኸው ነው፤ መሸነፍን ያውቃል። አገራችን ደግሞ የጎደላት ተሸናፊ እንጂ አሸናፊ አይደለም።

የእኛን ልጆች ከእነዚህ የሚለያቸው እግራቸው አይደለም፤ ደመወዛቸው ነው። ማዕረጋቸውን እስቲ ቁጠሩ፦ ሻምበል አበበ፣ ሻምበል ማሞ፣ ሻምበል ምሩፅ፣ ሻለቃ ኃይሌ፣ ኮሎኔል ደራርቱ። ሯጩ የሚያድገው በጦሩ፣ በፖሊሱ፣ በማረሚያ ቤቱ ወይም በመንግሥት ባንክ ክለብ ነው። ቀለቡን የሚሰፍርለት መንግሥት ነው። ቀለብ ሰፋሪውን በምርጫ ልግጠምህ የሚል ማን ይወጣዋል? ትምህርቱንም ቢሆን ገና ሳይጨርስ ነው ካምፕ የሚገባው። ኮሪርን ሩጫው ወደ ዩኒቨርሲቲ ወሰደው፤ የእኛን ልጅ ሩጫው ከትምህርት ቤት ያወጣዋል።

መንግሥት ሲጠጋው ደግሞ የሚሆነውን በሻምበል ማሞ ወልዴ አይተናል። የሜክሲኮው የማራቶን ጀግና በደርግ ዘመን የቀበሌ ሹመት ተሰጠው። ሥርዓቱ ሲወድቅ በቀይ ሽብር ጊዜ በተፈጸመ የአንድ ልጅ ግድያ ተከሰሰ። አልገደልኩም እያለ ፍርድ ሳያገኝ ዘጠኝ ዓመት ገደማ ታሰረ። በ1994 ዓ.ም. ስድስት ዓመት ተፈረደበት፤ የታሰረው ከተፈረደበት ስለሚበልጥ ተለቀቀ። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ሞተ። የተገደለው ልጅ ቤተሰብ ፍትሕ ይገባው ነበር፤ እሱም ፈጣን ፍርድ ይገባው ነበር። ሁለቱም በጊዜው አላገኙም።

ከመንግሥት የራቀውስ? ፈይሳ ሌሊሳ በ2008 ነሐሴ ሪዮ ላይ በማራቶን ሁለተኛ ሲገባ እጆቹን አጣምሮ የወገኑን ግድያ ለዓለም አሳየ። ከዚያ ሁለት ዓመት ስደት! ወደ አገሩ የገባው በ2011 ጥቅምት ነው። አንድ ሰው ሐሳቡን ለመግለጽ 42 ኪሎ ሜትር መሮጥና ብራዚል ድረስ መሄድ ካለበት፣ አምበር ያለው ገበሬ በምን እግሩ ይድረስ?

ኃይሌንም ዝና ብቻ አላዋጣውም። በ2009 የአትሌቲክስ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ፤ በ2011 ኅዳር አትሌቶች ተቃውሞ አሰሙ፤ ዘመኑን ሳይጨርስ ለቀቀ። ብዙዎች ይህን እንደ ውድቀት ቆጠሩት። እኔ በበኩሌ ባርኔጣዬን አነሣለታለሁ። ተቃውሞ ሰምቶ በገዛ ፈቃዱ ወንበር የለቀቀ ስንት ሹም ታውቃላችሁ? ፓርላማው ቢቀርበትም ፖለቲካው ግን አልተወውም። በ2012 ሰኔ መጨረሻ ሃጫሉ ሁንዴሳ ሲገደል በተነሣው ሁከት ሻሸመኔና ዝዋይ ያሉት ሆቴሎቹ ወደሙ። አልገባም ላለ ሰው ፖለቲካ ቤቱ ድረስ ይመጣል።

እንግዲህ ለአምበር ልጆች የምለው አጭር ነው። ሩጡ፣ ነገር ግን ደብተራችሁን አትጣሉ። ክለቦችም ጉልበቱን የሚወስዱለትን ልጅ የማስተማር ግዴታ ይኑርባቸው። ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ምክር ቤት ልግባ የሚል ሯጭ ቢነሣ «እግር እንጂ ጭንቅላት የለውም» እያልን አናባርረው፤ ሜዳልያውን አይተንም አንምረጠው። ስለ ማዳበሪያ ዋጋ ምን ትላለህ? የታሰረ ሰው ፍርድ ቤት ሳይቀርብ ሲከርም ትናገራለህ ወይስ ታጨበጭባለህ? ብለን እንፈትነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 54 የምክር ቤት አባል ተገዥነቱ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለሕሊናው ነው ይላል፤ መራጩ አመኔታ ካጣበት ሊያነሣው እንደሚችልም ይደነግጋል። ፓርቲ የሚል ቃል በዚያ ውስጥ የለም።

በሩጫ ሜዳ ሰዓቱን የሚይዘው ሯጩ ራሱ አይደለም። በምርጫም ሰዓቱን የሚይዝ፣ መስመሩን የሚያሰምርና ውጤቱን የሚናገር ከተወዳዳሪው የተለየ ሰው እስካልሆነ ድረስ፣ ኃይሌም ቢገባ ደራርቱ ብትገባ ያው ነው። ዳኛው ራሱ የሚሮጥበት ውድድር ላይ ጫማ ማጥበቅ ምን ይረባል?